ሽማግሌ እንዳይልክ ልከልክለው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የወር አበባ እየጠፋ ይቆያል፤ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ በመጨረሻ «ኦቫሪሽ ላይ ሲስት አለ» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ነው። ከሁሉም ልቤን የነካውን አንዱን ደብዳቤ መርጬ ዛሬ ላካፍላችሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች ስሟንም ሰፈሯንም ትቼዋለሁ።

ደብዳቤው

«ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 24 ነው። ተምሬ ሥራ ይዣለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው። የወር አበባ ያየሁት በ13 ዓመቴ ሲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀኑን ጠብቆ መጥቶልኝ አያውቅም። አንዳንዴ በሁለት ወር፣ አንዳንዴ በአራት ወር ይመጣል። ባለፈው ዓመት ያየሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ‹እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ ስትወልጂ ይስተካከላል› ስለምትለኝ ችላ ብዬው ኖርኩ።

ከ20 ዓመቴ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣብኝ። አገጬ ላይና ከእምብርቴ በታች ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር ይበቅላል። በየሦስት ቀኑ ጠዋት በር ዘግቼ በወረንጦ እነቅለዋለሁ። ብጉሩም አልለቅ ብሎኛል። ሰው ቀረብ ብሎ ሲያወራኝ ሳላስበው እጄ ወደ አገጬ ይሄዳል።

ከሁለት ወር በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ብዙም ሳይጠይቁኝ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ያነሳችኝ ባለሙያ ስክሪኑን እያየች ‹ኦቫሪሽ በሲስት ተሞልቷል፤ ልጅ መውለድ ያስቸግርሻል› አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ‹ፒ.ሲ.ኦ.› ተብሎ ተጽፏል። አንድ ፓኬት ኪኒን ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ኪኒኑ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እስካሁንም አልዋጥኩትም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሦስት ዓመት አብሮኝ የቆየ ጓደኛ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው እያለ ነው። ለቤተሰቡ የበኩር ልጅ ነው፤ እናቱ ከአሁኑ የልጅ ልጅ ይላሉ። መካን መሆኔን እያወቅኩ ሰው ማታለል አልፈልግም። ምክንያቱን ሳልነግረው ‹ይቅርብኝ› ብዬ ልለየው ወስኛለሁ ማለት ይቻላል። ግን ከመቁረጤ በፊት እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሽማግሌ እንዳይልክ ልከልክለው?

ግራ የገባኝ ነኝ»

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። በዚህ ወረቀት ምክንያት ሽማግሌ አትከልክዪ። ወረቀቱ «መካን ነሽ» አይልም፤ ሊልም አይችልም። እንዲያውም ብቻውን ሲታይ በሽታው አለብሽ ለማለት እንኳ አይበቃም።

ይህን ስልሽ ግን «ምንም የለብሽም፣ ተኝተሽ እደሪ» ማለቴ አይደለም። የጻፍሽልኝ ታሪክ ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ክፍሌ ገብተሽ ይህንኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ገና አልትራሳውንዱን ሳላይ የምጠረጥረው ያንኑ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. የሚባለውን ነው። መጠርጠር ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ፣ «አትወልጂም» ማለት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሦስቱን ደባልቀው ስለነገሩሽ ነው ግራ የገባሽ።

ስሙ ነው ያሳሳተን

«ሲስት» ሲባል ብዙዎቻችሁ ዕጢ፣ አንዳንዶቻችሁም ካንሰር ይመስላችኋል። አይደለም። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትንንሽ ጥቋቁር ክቦች እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ስፋት ከ10 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ጤነኛ ሴት ውስጥ በየወሩ ጥቂት ከረጢቶች ማደግ ይጀምሩና አንዱ ቀድሞ በስሎ ይፈነዳል፤ እንቁላሉ ይወጣል። በዚህ ችግር ጊዜ ግን ብዙዎቹ ይጀምሩና መንገድ ላይ ይቆማሉ። አንዱም ለመብሰል ሳይበቃ ተሰልፈው ይቀራሉ። እንግዲህ «በሲስት ተሞልቷል» የተባልሽው ኦቫሪ የተሞላው በእንቁላል ነው ማለት ነው። ችግሩ የእንቁላል እጦት ሳይሆን በጊዜው ወጥቶ አለመሄዱ ነው።

ነገሩን በ1935 እ.ኤ.አ. በደንብ የጻፉት ስታይን እና ሌቨንታል የሚባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ናቸው። የጻፉት ስለ ሰባት ሴቶች ነበር፤ የወር አበባቸው የጠፋ፣ ኦቫሪያቸው ያበጠ። በዚያ ዘመን መድኃኒት ስላልነበረ ከኦቫሪው ከፊሉን ቆርጠው አወጡላቸው። የወር አበባቸው ተመለሰ፤ ከሰባቱም ሁለቱ አረገዙ። ልብ በይልኝ፤ የበሽታው የመጀመሪያ ታሪክ ራሱ ውስጥ እርግዝና አለበት። ዛሬ ለዚህ ቢላ ማንሳት የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ ኪኒን አለ።

የበሽታው ሥር ከኦቫሪ ይሰፋል። ኢንሱሊን የምንለው ስኳርን የሚቆጣጠር ሆርሞን በብዙዎቹ ታማሚዎች ሰውነት ውስጥ እንደሚገባው አይሠራም። ሰውነት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን እየነካካ እንደ ቴስቶስትሮን ያሉትን የወንድ የሚባሉ ሆርሞኖች ከመጠን በላይ ያስመርተዋል። አገጭሽ ላይ ያለው ፀጉርም፣ ብጉሩም፣ የወር አበባው መዘግየትም ከዚያ ይመጣል። ለዚህ ነው በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ስሙ ሰውን ስለሚያሳስት ይለወጥ ብለው ሐሳብ ያቀረቡት።

ብቻሽን የሆንሽም አይምሰልሽ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው። ቢሯችሁ ውስጥ ሃያ ሴቶች ካሉ ሌላም አንዷ በር ዘግታ በወረንጦ ስትነቅል ታድራለች ማለት ነው።

ሐኪም የሚያያቸው ሦስት ነገሮች

በ2003 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ በሮተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ ሐኪሞች አንድ መለኪያ አወጡ። ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ከተገኙና ሌላ የሚያስመስል በሽታ ከሌለ፣ ያኔ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ይባላል። የ2023ቱ መመሪያም ጥቂት አሻሽሎ በዚሁ ሐሳብ ጸንቷል። ሦስቱ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የወር አበባ መዛባት። የሚቆጠረው ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ደህና ነው። ሁልጊዜ ከ35 ቀን የሚያልፍ ከሆነ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከታየ ተዛብቷል እንላለን። የሁለት ወይም የሦስት ቀን መዘግየት መዛባት አይደለም። ለፈተና ወይም ለሐዘን አንድ ወር የቀረም እንዲሁ። ያንቺ በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ይህኛው አለሽ።

ሁለተኛ፣ የወንዱ ሆርሞን መብዛት። ይህ በዓይንም በደም ምርመራም ይታወቃል። በዓይን ሲታይ ሐኪሙ ዘጠኝ የሰውነት ክፍሎችን ያያል፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ አገጭ፣ ደረት፣ የላይኛውና የታችኛው ሆድ፣ ክንድ፣ ጭን፣ የላይኛውና የታችኛው ጀርባ። ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ4 እስከ 6 ከደረሰ ወይም ካለፈ በዛ ይባላል፤ መነሻው እንደየሕዝቡ ይለያያል። የሚቆጠረው ጠንካራው ጥቁር ፀጉር ነው እንጂ ጉንጭ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ቀጠሮ ያላት ሴት በዋዜማው ነቅላና ላጭታ፣ ፊቷን አሳምራ ነው የምትመጣው። ታዲያ ሐኪሙ ምን ይመልከት? አትፈሪ፤ «በየሦስት ቀኑ እነቅላለሁ» ብለሽ ንገሪው። ፀጉሩ በግልጽ ካለ የቴስቶስትሮን ምርመራው ደህና ቢወጣም ምልክቱ ይቆጠራል። ያንቺ አገጭና ሆድ ከብጉሩ ጋር ተደምሮ በደንብ መታየት ያለበት ነው፤ ይህኛውም አለሽ የሚል ግምት አለኝ።

ሦስተኛ፣ የኦቫሪ መልክ። አልትራሳውንድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ሆኖ። በዘመናዊ መሣሪያ በብልት በኩል ሲታይ በአንድ ኦቫሪ 20 እና ከዚያ በላይ ከረጢት ከተቆጠረ ወይም የኦቫሪው መጠን 10 ሚሊ ሊትር ከደረሰ «ፖሊሲስቲክ» ይባላል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በአዋቂ ሴት ላይ በአልትራሳውንዱ ፈንታ ኤ.ኤም.ኤች. የሚባል የደም ምርመራ መጠቀም ይቻላል። የወር አበባቸው እንደ ሰዓት የማይዛነፍ፣ አንድም ፀጉር የሌላቸው ጤነኛ ወጣቶችም ኦቫሪያቸው እንዲህ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለነሱ ይህ በሽታ አይደለም፤ መልክ ነው። «ፒ.ሲ.ኦ.» የኦቫሪ መልክ ነው፤ «ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ.» በሽታው ነው። አንዲት ፊደል ነች ልዩነቷ፤ አንቺን ግን ሁለት ወር አስለቅሳሻለች።

ያንቺን ጉዳይ አስገራሚ የሚያደርገው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምልክቶች ካሉ ሦስተኛው አለማስፈለጉ ነው። በደንብ ጠይቀውሽና አይተውሽ ቢሆን ኖሮ ያ አልትራሳውንድ ላያስፈልግ ይችል ነበር። አሥር ደቂቃ መጠየቅ ከስክሪኑ ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ ሌላው ይጣራ

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. የሚባለው ሌሎቹ ተመሳሳዮች ከተጣሩ በኋላ ነው። እኔ ፊት ብትቀመጪ የምጠይቅሽ እነዚህን ነው።

እርግዝና ይኖር ይሆን? አትቆጪ፤ የወር አበባ ለቀረባት ሴት ሁሉ የመጀመሪያው ምርመራ ይኸው ነው፤ ንቀት አይደለም።

የወሊድ መከላከያ ትወስጂያለሽ? የሦስት ወሩ መርፌ የወር አበባን ሊያጠፋ ይችላል፤ ካቆሙት በኋላም ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም እንዲሁ ያዛባል። ፖስት ፒልን ደጋግመው የሚወስዱ ልጆችም ቀናቸው ይዘበራረቃል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ላይ ያለች ሴት የሆርሞን ምርመራ ማድረግ ከፈለገች ቢያንስ ሦስት ወር ማቆም አለባት፤ በዚያ ጊዜ ግን ሌላ መከላከያ ትጠቀም። እናትሽ አብረውሽ ከገቡ «እስቲ እማማ፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» እላለሁ፤ ይህን ጥያቄ በእናት ፊት እውነቱን የምትመልስ ልጅ ጥቂት ናትና።

ፊትሽ ላይ ምን ትቀቢያለሽ? ለማድያትና ለማቅላት ተብለው በየሱቁ የሚሸጡ ክሬሞች አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። እነሱ ራሳቸው ብጉርና የፊት ፀጉር ያመጣሉ። ይሄ ከሆነ መንስኤው ኦቫሪ ሳይሆን ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ነው።

አንገትሽ ላይ እንቅርት አለ? ብርድ ብርድ ይልሻል፣ ድካም ይጫጫንሻል? የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። ሳትወልጂ ከጡትሽ ወተት ይወጣል? ራስ ምታትና የዓይን መጋረድ አለ? ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይለካ። በቅርቡ በጣም ከስተሻል ወይስ ምግብ ትተሻል? እሱም የወር አበባ ያቆማል። የሚያስልሽ፣ ማታ የሚያልብሽ ከሆነ ወይም ቲቢ ታመሽ ከነበረ ንገሪኝ፤ የማህፀን ቲቢ በአገራችን አለና። ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ በውርስ የሚመጣ ችግርም ይህንኑ በሽታ አጥርቶ ይመስላል፤ እሱ ጠዋት በሚወሰድ የደም ምርመራ ይለያል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም አስምሩበት። ፀጉሩ በዓመታት ሳይሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ፊትን ከሸፈነ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ የራስ ፀጉር ከፊት ከተመለጠ፣ ያ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ላይሆን ይችላል። ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ያንቺ ግን ቀስ እያለ በዓመታት የመጣ ስለሆነ በዚህ አትሸበሪ።

መውለድን በተመለከተ

እናትሽ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ብለውሻል። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቃላቸው ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። እሳቸው እንዲያ ሆነው አንቺን ወልደዋል! ማስረጃ ነው አልልሽም፤ ግን «መካን ነሽ» ካለሽ ሰው ቃል ይልቅ ይህን ያዢ።

እውነቱ እንዲህ ነው። እንቁላል በየወሩ ስለማይወጣ እርግዝና ሊዘገይ ይችላል፤ እርዳታም ሊያስፈልግ ይችላል። ሆኖም ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ካለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ በራሳቸው ወይም በሕክምና ይወልዳሉ። እንቁላልን ለማስወጣት ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነው ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ቀድሞውኑ ማርገዝ ያቃታቸውን 750 ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ቢበዛ በአምስት ዙር ሕክምና ብቻ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከ100 ወደ 28 የሚጠጉት ልጅ ታቅፈዋል፤ የድሮውን ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19ኙ። እነዚህ መቸገራቸው የታወቀ ሴቶች ናቸው። አንቺ ገና ሞክረሽ እንኳ አታውቂም።

የዚህ ግልባጭም አለ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል። «አላረግዝም ተብያለሁ» ብለው ጥንቃቄ ትተው ሳይፈልጉት ያረገዙ አሉ። እንቁላሉ መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ እንጂ ስለማይወጣ አይደለም።

ታዲያ ለምን ችላ አይባልም?

ምክንያቱ ልጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። እንቁላል በማይወጣበት ወር የማህፀን ግድግዳ ሳይታጠብ እየወፈረ ይቀመጣል። ለዓመታት እንዲህ ከቀጠለ ያልተለመደ ደም መፍሰስ፣ ቆይቶም የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በወጣትነት ይህ ካንሰር እምብዛም አያጋጥም፤ ግን 90 ቀን አልፎ የወር አበባ ካልመጣ ሐኪም ማየት አለበት የምንለው ለዚህ ነው። ሌላው ስኳር ነው። ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. ያለባት ሴት በወጣትነቷም የስኳር በሽታ ሊይዛት ስለሚችል፣ በሽታው እንደታወቀ የስኳር ምርመራ ይደረግላታል፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ይደገማል። ግፊትና ኮሌስትሮልም ይታያል። አንገት ጀርባ ወይም ብብት ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጥቁረት ካለ የኢንሱሊን ችግር ምልክት ነው። እድፍ መስሏችሁ በድንጋይ የምትፈትጉት እህቶች፣ ቆዳችሁን አትላጡ፤ በሳሙና አይለቅም።

ስለተሰጠሽ ኪኒን ደግሞ ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም ጽፈሽ ለሐኪምሽ አሳዪ። የወሊድ መከላከያ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ። የወር አበባን ለማስተካከል፣ የማህፀን ግድግዳን ለመጠበቅ፣ ፀጉርና ብጉርን ለመቀነስ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ማህፀንን አያደርቅም። ነገር ግን የደም መርጋት፣ ከፍተኛ ግፊት ወይም ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት ላለባት ሴት አይሰጥም። ሳይጠይቁ መስጠት ያጠፋቸው ለዚህ ነው።

የሚያሳፍርሽ ፀጉር በሕክምናው ወዲያው አይጠፋም፤ ቢያንስ ስድስት ወር ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከዚያው መንቀል ወይም በክር ማስነሳት ነውር የለበትም። ውስጥሽ ከተጨነቀ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ እሱንም ለሐኪም ንገሪ። ጭንቀትና ድብርት በዚህ በሽታ የሚበዛ ስለሆነ መጠየቅ ያለበት ራሱ ሐኪሙ ነው።

ለጓደኛሽስ?

ምክንያቱን ሳትነግሪው ልትለዪው አስበሻል። እህቴ፣ ይሄ እሱን ከመታለል ማዳን አይደለም፤ ሦስት ዓመት አብሮሽ የቆየን ሰው የራሱን ውሳኔ መንጠቅ ነው። አሁን ተነስተሽ «መካን ነኝ» ብትይው ደግሞ ያልተመረመረ ወሬ ትነግሪዋለሽ። ስለዚህ በቅደም ተከተል አድርጊው። መጀመሪያ በደንብ ተመርመሪ። ከዚያ ያለውን እንዳለ ንገሪው፤ «የሆርሞን ችግር አለብኝ፤ ይታከማል፤ ልጅ ሊዘገይ ይችላል፤ ሐኪሜ ጋ አብረን እንሂድ።» ፊቱን እያየሽ ንገሪው። የሚወድሽ ሰው ከሆነ ጥያቄው «መቼ ነው ቀጠሮሽ?» ይሆናል። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ከሆነም ከሠርግ በኋላ ሳይሆን በፊት ማወቅሽ ነው።

በነገራችን ላይ ልጅ ሲዘገይ የሚመረመረው ሚስት ብቻ አይደለችም። የወንዱ ዘር ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ችግሩ በእሱ በኩል የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። ለእናቱም ቢሆን ካሁኑ ቃል የሚገባላቸው ነገር የለም። የማንንም ሴት ማህፀን ዋስትና አስይዞ የሚዳር የለም።

አጫጭር ጥያቄዎች

«የ15 ዓመት ልጄ የወር አበባ ካየች ሁለት ዓመት አልሞላትም። በ40 ቀን ይመጣል። አልትራሳውንድ አስነሳኋት፤ ሲስት አለ ተባለ። ምን ላድርግ?» (እናት)

እመቤቴ፣ ልጅዎን አያስጨንቋት። በዚህ ዕድሜ ኦቫሪ በተፈጥሮው ብዙ ከረጢት ይታይበታል፤ ለዚህ ነው መመሪያው ለወጣት ልጆች በአልትራሳውንድ አትመርምሩ የሚለው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እስከ 45 ቀን መቆየቱም ደህና ነው። ከ90 ቀን ካለፈ ወይም ፀጉርና ከባድ ብጉር ከመጣ ያኔ ያምጧት። እስከዚያው ቀኑን በደብተር ትመዝግብ።

«እኔ ቀጭን ነኝ። ጓደኞቼ በሽታው የወፍራሞች ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

አይደለም። ውፍረት ምልክቱን ያባብሳል እንጂ ቀጫጭኖችም ይይዛቸዋል። መመገብና መንቀሳቀስ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለዚህ በሽታ ብቻ የተፈጠረ ምግብ ግን የለም። በቴሌግራም «ማህፀን የሚያጸዳ» እያሉ ለሚሸጡት ገንዘብሽን አታፍሺ።

«ያላገባሁ ነኝ። ምርመራው ድንግልናዬን ያሳጣኛል ብዬ ፈራሁ።»

ከታች በኩል የሚደረገውን አልትራሳውንድ «አልፈልግም» ማለት መብትሽ ነው። ውኃ ጠጥተሽ ፊኛሽ ሲሞላ በሆድ በኩል ይታያል። ከላይ እንዳልኩት ምልክቶቹ ከተሟሉ እሱም ላያስፈልግ ይችላል።

«እጮኛዬ ፂም አላት። ወንድ ትሆን እንዴ?» (ከአንድ ወጣት)

ወንድሜ፣ ይህን እሷን እንዳትጠይቃት! የወንድ የምንለው ሆርሞን በሴት ሁሉ ውስጥ አለ፤ የሷ ጥቂት በዝቶ ይሆናል። ሐኪም ቤት አብረሃት ሂድ፤ አገጯ ላይ አታፍጥጥ።

ወደ ሐኪም ስትሄጂ

1. ያለፈው አንድ ዓመት የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀኖች ጽፈሽ ያዢ።
2. የምትወስጂውን ኪኒን፣ መርፌና ክሬም ሁሉ ዘርዝሪ፤ ካስቻለሽ ራሱን ይዘሽ ሂጂ።
3. በቤተሰብ ስኳር፣ የወር አበባ መዛባት ወይም እንዲህ ያለ ፀጉር ያለበት ሰው እንዳለ እናትሽን ጠይቂ።
4. የአልትራሳውንዱን ወረቀት አትቅደጂው፤ ይዘሽ ሂጂ። ብቻውን አይበቃም እንጂ ከንቱ አይደለም።
5. ስትወጪ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ «የተባልኩት በሽታ ምንድነው? በምን አወቃችሁት? ሌላው ተጣርቷል?» መልስ ያላገኘሽበት ቤት ውስጥ ኪኒን አትቀበዪ።

ቀጠሮሽን በዚህ ሳምንት ያዢ። ፋሲካ እስኪደርስ ይህ ሁሉ ተጣርቶ ያልቃል፤ ሽማግሌዎቹም በጊዜያቸው ይምጡ። ውጤቱን ጻፊልኝ፤ ስምሽ እንደተጠበቀ ይቆያል።

እናንተም ጥያቄያችሁን መላክ አታቋርጡ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።